አንበሳውም ይሁዳ፣ ሳሚውም ይሁዳ

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከመርሳ ነው። ከአባታችን በወረስነው ቦታ ላይ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ የጋራ የሆነ ባሕር ዛፍ ነበረን። እርሱ ለሥራ ርቆ በሄደበት ጊዜ ገዢ መጣልኝና ሳልነግረው ሸጥሁት። ገንዘቡ ለእናታችን ሕክምና ነው የዋለው፤ ቢሆንም ሳልጠይቀው መሸጤ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ወንድሜ ሲመለስ በሽማግሌዎች ፊት «አንተ ይሁዳ!» አለኝ። ብዙ ተናግሮኛል፤ አጥንቴ ድረስ የገባችው ግን ያቺ ቃል ናት። ማታ ሣጥን ስፈትሽ ከአያቴ የቀረ አሮጌ ወረቀት አገኘሁ። ከላይ አንበሳ ታትሞበታል፤ ከአንበሳው ጋር «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ አለ። ነገሥታት የኮሩበት ስም እንዴት የእኔ ስድብ ሆነ? ስሙ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሙ አንድ ነው። ፊደሉም ድምፁም አንድ ነው። የተሸከሙት ሰዎች ናቸው ብዙ የሆኑት።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ልያ አራተኛ ልጇን ስትወልድ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ብላ ይሁዳ አለችው፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ላይ ያገኙታል። ስሙ ሲወለድ የምስጋና ስም ነበር። አባቱ ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ ሲመርቅ ደግሞ «ይሁዳ የአንበሳ ደቦል ነው» አለ። አንበሳው ወደ ስሙ የገባው በዚህች ምርቃት ነው። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ላይ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንደ ነሣ ይነገራል። የእኛ ነገሥታት ዘራቸውን በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል እስከ ሰሎሞን ያደርሱ ስለ ነበር ያንን ቃል ማኅተማቸው ላይ አኖሩት። «ሞዓ» በግእዝ ድል ነሣ፣ አሸነፈ ማለት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች በዚህ ሐረግ ይጀምራሉ፤ ከዙፋኑ ጋር እስከ 1967 ዓ.ም. ዘልቋል። አያትዎ ያንን ወረቀት ሲቀበሉ «ይሁዳ» የሚለው ቃል በዓይናቸው ውስጥ ጋማ ነበረው።

ሁለተኛው የአስቆሮቱ ይሁዳ ነው፤ ወንድምዎ የጠራው እርሱን ነው። ግን ከሐዋርያት መካከል ሌላም ይሁዳ ነበረ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ይህ ሰው አንድ ጥያቄ ለጌታ ያቀርባል፤ ወንጌላዊውም አንባቢ እንዳይሳሳት «የአስቆሮቱ ያይደለ ይሁዳ» ብሎ ይጽፋል። ይህችን ሐረግ ባነበብሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም። አንድ ጊዜ አፉን ሲከፍት እንኳ ከሌላው ጥፋት ነፃ መሆኑ መጀመሪያ መነገር ነበረበት። እኛ አገር ልጁን ይሁዳ የሚል ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ታዴዎስ ግን ሞልቷል። ታዴዎስ ደግሞ የዚያው ሰው ሌላ ስሙ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ሰውየው በሁለተኛ ስሙ አምልጦ መጥቷል ማለት ነው።

አንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች የነገዱን አባት፣ ከዳተኛውን ደቀ መዝሙርና «የይሁዳ መልእክት» የምንላትን አጭር መጽሐፍ የጻፈውን ሰው በስማቸው መጨረሻ ለያይተዋቸዋል። አንባቢው ስሙን እንዳየ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ግእዝና አማርኛ ግን አልለዩም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ስሙ ብቻውን ሲቆም ምንም አልተናገረም፤ አጠገቡ የሚቆመው ቃል ነው የሚፈርድለት። በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ «የ» የምትባለውን ፊደል ጠብቋት እል ነበር። ስሞች ወደ ቋንቋ የሚገቡት በእርሷ በር ነው። የኢዮብ ትዕግሥት፣ የሰሎሞን ጥበብ፣ የማቱሳላ ዕድሜ፣ የፈርዖን ልብ፣ የይሁዳ መሳም። አንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ኖሮ፣ ወልዶ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ይሞታል፤ ቋንቋ ግን ከዚያ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ትመርጥና በ«የ» ታስርበታለች።

ለይሁዳ የታሰሩበት ነገሮች መሳሙና ብሩ ናቸው፤ ሁለቱም እኛ አገር ሥር ሰድደዋል። ማቴዎስ ምዕራፍ 26 «ሠላሳ ብር» ይላል። ብር በአማርኛ ማዕድኑም ነው፣ ኪሳችን ውስጥ ያለው ገንዘብም ነው። ሌላ አገር ያለ አንባቢ የጥንት ዘመን ነጭ ማዕድን ይታየዋል፤ የእኛ ሰው ግን የሚሰማው ዛሬ ጠዋት የመነዘረውን ብር ነው። አንድ ጊዜ ደሴ ውስጥ ይህንን ምንባብ ሳስነብብ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህርት፣ ጌታን የሸጡት በሠላሳ ብር ብቻ ነው?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ስለ ጠገራ ብር፣ ስለ ሚዛኑ አስረዳሁት፤ እርሱ ግን በልቡ ሲያሰላ የነበረው የደብተርና የእስክሪብቶ ዋጋ እንደ ነበር ፊቱ ይናገር ነበር። ትርጉሙ ለእርሱ ከእኔ ይልቅ የቀረበ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መሳሙን ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ገበያ ወርደው ይዩት። ዘንድሮ ያየሁትን ልንገርዎ። ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ሴት እህቷን ከበርበሬ ተራ አገኘቻት። ዘንቢሏን መሬት ጣለችና እጇን ዘርግታ ሮጠች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ተመለሰ። እህቷም እንዲሁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣች። ሁለቱም አለቀሱ እንጂ አልተሳሳሙም። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ ነው ይላሉ አባቶች። እኔን የነካኝ ግን በርበሬ ሻጯ ናት። እርሷ ሙስሊም ናት። ገዢዎቿ ክርስቲያን ሲሆኑ በዚያ ሳምንት እጇን አትዘረጋም፤ እርሷም እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። አንድ ስም የአንድን ሕዝብ ክንድ በዓመት አንድ ሳምንት ያስራል፤ የጎረቤቱን ክንድ ጭምር። ወንድምዎ «ይሁዳ» ሲልዎ ያንን ሁሉ ነው ይዞ የመጣው። አጥንትዎ ድረስ መግባቱ አይደንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «አይሁድ» የሚለው የሕዝብ ስም የተገኘው ከዚሁ ከይሁዳ ነው። የአንድ ደቀ መዝሙር ክሕደት ወደ ስሙ፣ ከስሙ ወደ አንድ ሙሉ ሕዝብ ሲሻገር በዓለም ላይ ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ እናውቃለን። በእኛም ሰፈር «አይሁድ» እንደ ስድብ ሲወረወር እሰማለሁ። ይህ ነውር ነው። ጌታዋም የጌታዋ እናትም ከይሁዳ ነገድ የሆኑላት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይህንን ቃል ለስድብ ሊያነሣው አይገባም።

የታሰረበት ነገር ሁልጊዜ ሰውየውን በትክክል ይነግረናል ማለት አይደለም። ኢዮብን እንውሰድ። ለቅሶ ቤት ገብተን «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» እንላለን፤ ሙስሊሙም አዩብን በሰብሩ፣ በትዕግሥቱ ማለት ነው፣ ያነሣዋል፤ በዚህ ላይ የወሎ ሁለቱም ቤቶች አንድ አፍ ናቸው። መጽሐፈ ኢዮብ ግን 42 ምዕራፍ ነው፤ ኢዮብ ዝም ብሎ የታገሠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው። ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያ በኋላ ከወዳጆቹ ጋር ይከራከራል፣ አምላኩን ፍረደኝ ይላል። ሁለት ልጆቿን በአንድ ዓመት የቀበረች ጎረቤት ነበረችኝ። ሰው ሁሉ የኢዮብን ትዕግሥት ሲመኝላት አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ምዕራፍ 3ን አነበብሁላት። «ይህም ኢዮብ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ያን ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ምሳሌያዊው ንግግር ያስቀረውን ኢዮብ ያገኘችው ያኔ ነው።

ጲላጦስም እንዲሁ ነው። ጋዜጣ ላይ ኃላፊነቱን የሸሸ ሹም «እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ» ይባላል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ግን ጲላጦስ ከሚስቱ ጋር ሰኔ 25 ቀን ይታሰባል። የዮዲት ደግሞ ተቃራኒው ነው። መጽሐፈ ዮዲት ውስጥ አገሯን ከሆሎፎርኒስ ሠራዊት ያዳነች ጀግና ናት፤ እኛ አገር ግን ስሙ አክሱምን አጠፋች ለምትባለው ንግሥት ተሰጠና «ጉዲት» ታከለበት። ዛሬ ሰው ዮዲት ሲባል የሚያስበው የትኛዋን እንደ ሆነ እርስዎው ይፍረዱ።

ስሙ ሰውየውን ጨርሶ ጥሎ የሚሄድበትም ጊዜ አለ፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። «ዳዊቱን አምጣልኝ» ሲባል ንጉሡን የሚያስብ የለም። ዳዊት መጽሐፉ ነው፤ በማኅደር ተደርጎ በትከሻ የሚንጠለጠለው። ዳዊት ይደገማል። የቆሎ ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ዳዊት ላይ ይደርሳል፤ ዳዊት የደገመ ሰው ማለት ንባብ የለየ ሰው ማለት ነው። እረኛው፣ በገና ደርዳሪው፣ ንጉሡ ሁሉ በቆዳ ተጠቅልለው አንድ ዕቃ ሆኑ።

ቤተልሔምም እንዲሁ። እኔ ያደግሁት ደላንታ ከአያቴ ጋር ነው። አያቴ ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ ስትለቅም ከሰፌዱ ላይ ጥቁር ነገር እንዳይቀር እያንዳንዷን ፍሬ በጣቷ ትነካ ነበር። ንጹሑን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ «ቤተልሔም አድርሺ» ትለኛለች። ቤተልሔም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ቤት ናት፤ ለቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅባት። ከደጇ ቆሜ ለዲያቆኑ አስረክባለሁ፤ ከውስጥ የጭስና የትኩስ ኅብስት ሽታ ይመጣል። ታዲያ የልደት ለት ጌታ «በይሁዳ ቤተ ልሔም» መወለዱ ሲነበብ፣ የተወለደው እዚያች ጓሮ ያለች ቤት ውስጥ ነው ብዬ አምን ነበር። የይሁዳን ስም ደግሞ የቤቷ ባለቤት አድርጌ ነበር የያዝሁት። ሳድግ በዕብራይስጥ ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ማለት መሆኑን ተማርሁ። የደላንታዋ ቤት ስሟን በትክክል ይዛለች ማለት ነው።

ላሊበላም የሄደ ሰው ይህንን በእግሩ ይረግጠዋል። ከድንጋይ በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚያልፈው መውረጃ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ መቃብረ አዳም አለ። ላስታ ላይ የሚኖር ልጅ «ዮርዳኖስ ሞልቷል» ሲል ስለ መጽሐፍ እያወራ አይደለም፤ ስለ ክረምቱ ዝናብ ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ፤ በፊት ግን ስለ ቅኔ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም የእኛ ሥነ ጽሑፍ እነዚህን ስሞች የሚያሠራው በዚያ መንገድ ነው። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ዋድላ ነው፤ የእኛው ሰሜን ወሎ። ባለቅኔው የመጽሐፉን ሰው ሰም ያደርገዋል፤ ወርቁ በዘመኑ ያለው ሰው ነው፤ ሹሙ ወይም ሟቹ፣ አንዳንዴም የአገሩ ንጉሥ። ሁለቱን የምታጣብቀው ባለ ሁለት ትርጉሟ ቃል ኅብረ ቃል ትባላለች። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፋት የራሴ አንዲት ስንኝ ነበረች፦

ስሞ አስረከበ መምህሩን፣
በዚያው ምሽት አጣ ስሙን።

«ስሞ» ከመሳም ነው፤ «ስሙን» ከስም ነው። በአማርኛ መሳምና ስም በፊደል ጎረቤታሞች ናቸው። «ስሙ» ብቻዋን ብትጻፍ የእርሱ ስምም ትሆናለች፣ አድምጡ ማለትም ትሆናለች። ይሁዳ በሌላ ቋንቋ ሲስም ስሙን ቢያጣ ታሪክ ነው። በአማርኛ ግን ስሞ ስሙን ሲያጣ ቋንቋዋ ራሷ መስክራበታለች።

አሁን የእርስዎ ነገር። የአንበሳው ይሁዳ ከስድብዎ የራቀ ይመስልዎታል፤ አይደለም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 37ን ደግመው ያንብቡ። ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ በጣሉት ጊዜ «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ ነው፤ ያው የአንበሳ ደቦል የተባለው። በሃያ ብር ሸጡት። ወንድሙን የሸጠው የመጀመሪያው ይሁዳ እርሱ ነው! ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም። ከዓመታት በኋላ በረሃብ ዘመን ታናሹን ብንያምን ወደ ግብፅ ይዘው ሲሄዱ ለአባቱ ዋስ የሆነው ይሁዳ ነው። ብንያም ሊያዝ ሲል፣ ምዕራፍ 44 ላይ፣ በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር ብሎ የቆመው ይሁዳ ነው። ዮሴፍ ማልቀሱን መግታት ያቃተው ያንን ንግግር ከሰማ በኋላ ነው። ያዕቆብ አንበሳ ብሎ የመረቀው ይህንን ልጅ ነው፤ የሸጠውን፣ ከዚያም ዋስ የሆነውን።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ገና አልጨረሱትም ይመስለኛል። ለወንድምዎ ድርሻውን ይክፈሉት፤ የእናታችሁ የሕክምና ወጪ ለብቻው ይቆጠር። ስሙንም አይካዱት። «ይሁዳ ያልኸኝ እውነት ነው፤ ሳልነግርህ ሸጫለሁ። አሁን ዋስ ጠርቼ መጥቻለሁ» ይበሉ። ሽማግሌዎቹ ኦሪት ያነበቡ ከሆኑ ይገባቸዋል። ያላነበቡም ከሆኑ ዋስ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከሐይቅ ነው የምጽፍልሽ። ልጅ ወልጄ መርየም አልኋት። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ስሙን ወደደችው፤ ግን «እኛ እንዲሁ ማርያም ብለን ልጅ አንጠራም» አለችኝ። ምጥ ላይ ሳለሁ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ያደረችው እርሷ ናት። በየቀኑ የምትጠራውን ስም ለልጅ መስጠት ለምን ይከብዳታል?

መልስ፦ እህቴ፣ መርየምን አላህ ያሳድግልሽ። ጎረቤትሽ ያለችው እውነት ነው። በእኛ ዘንድ በድሮው ልማድ ስሙ ብቻውን ለሰው አይሰጥም፤ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም ይባላል እንጂ። የጌታም ስም እንዲሁ ነው፤ ገብረ ኢየሱስ ይባላል፣ ኢየሱስ ግን አይባልም። እናንተ ኢሳም መርየምም ብላችሁ ትሰይማላችሁ። ቁርኣን ውስጥ 19ኛው ምዕራፍ በስሟ መርየም ይባላል፤ ስሙ ለእናንተም የከበረ ነው። አንዱ ስሙን ከማክበር የተነሣ በቀጥታ አይሰጠውም፤ ሌላው ከማክበር የተነሣ ለልጁ ይሰጠዋል። ወሎ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለቱም ይሰማሉ።

ከደጅሽ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እይ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባት ስማቸው ኢየሱስ ሞዓ ነው። ኢየሱስ አሸነፈ ማለት ነው። ስማቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የጌታን ስም የተሸከሙት ስለ ጌታ በሚናገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ለልጅ በቀጥታ ያልተሰጠው ስም ግን በቋንቋው ውስጥ ያልገባበት የለም። ዝናብ አባርቶ ሰማይ ላይ የሚዘረጋው የማርያም መቀነት ነው። ሕፃን ገላው ላይ ምልክት ይዞ ሲወለድ ማርያም ስማዋለች ይባላል። (ከላይ ስለ ይሁዳ መሳም ጽፌ እዚህ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመ፤ አንዱ መሳም ከስም አጉድሏል፣ ሌላው የተወደደ ልጅ ምልክት ሆኗል።) ልጆች ሲባረሩ መውጫ ያጣው «የማርያም መንገድ ስጡኝ» ይላል፤ ትልልቆችም በክርክር ጊዜ ለተሸነፈው የማርያም መንገድ ይተዉለታል። ለወለደች ሴት ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ይህችን ጮክ ብለሽ በያት፦ ማርያም ማረችሽ። የስሙና የምሕረቱ ድምፅ አንድ ላይ ሲመጡ ጆሮሽ ይሰማዋል። ቃሉ ለዘመናት የኖረው በእምነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚህች ድምፅም ጭምር ነው።

ጎረቤትሽ ያን ሌሊት ያለችውን አንቺም ታውቂዋለሽ። መርየምን ስትጠሪ እርሷ ከግድግዳው ወዲያ ትሰማለች፤ የራሷን ጸሎት ስም ነው የምትሰማው። ይከብዳታል ብዬ አላስብም።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከኮምቦልቻ ነኝ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ድርሰት ላይ «አጎቴ በወጣትነቱ እንደ ዮሴፍ ቆንጆ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። አስተማሪዬ በቀይ ሰርዞ «ዮሴፍ የንጽሕና ምሳሌ ነው እንጂ የውበት አይደለም» ብሎ ጻፈልኝ። ቤት ውስጥ ግን እናቴ ሁልጊዜ የዩሱፍ ውበት ትላለች። ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አልተሳሳትሽም። አስተማሪሽም የያዘው እውነት አለ፤ ግን ግማሹን ነው። በክርስቲያኑ አፍ ዮሴፍ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው የጲጥፋራን ሚስት ሸሽቶ ልብሱን ትቶ የወጣው ወጣት ነው። ስለዚህ የንጽሕና ስም ሆነ። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ 12ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ዩሱፍ ይባላል፤ እዚያ ሴቶቹ ቢላዋ ይዘው ተቀምጠው ሳለ እርሱ ሲገባ በመልኩ ተደንቀው እጃቸውን ይቆርጣሉ። እናትሽ የምትለው ከዚያ የመጣ ነው። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ የኖሩ ሊቃውንት አገር ነው። በዚህ ምድር ላይ የዩሱፍን ውበት ማንሣት ከውጭ የመጣ አባባል አይደለም።

ለአስተማሪሽ ግን በትሕትና ይህንን አሳዪው፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 39 ቁጥር 6 ራሱ ዮሴፍ መልከ መልካምና ውብ እንደ ነበር ይናገራል። ውበቱ ባይኖር ሚስትየዋም ዓይኗን ባልጣለችበት ነበር። ሁለቱ መጻሕፍት ሁለቱንም ይዘዋል፤ ሁለቱ ሰፈሮች ናቸው አንዳንዱን የመረጡት።

ዓረፍተ ነገርሽ ግን ደካማ ነው፤ የደከመው በሌላ ምክንያት ነው። «እንደ ዮሴፍ ቆንጆ» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አንባቢው የትኛውን ዮሴፍ እንደሚይዝ አያውቅም፤ አስተማሪሽን ያሳሳተውም ይኸው ነው። እንደ እናትሽ ዩሱፍ በዪው። ቀጥለሽ ደግሞ አጎትሽ ወደ ቤት ሲገባ ማን ምን ይሠራ እንደ ነበር ጻፊ፤ ሽንኩርት የምትከትፍ አክስት ነበረች? እጇ ላይ ያለው ቢላዋ ምን ሆነ? አስተካክለሽ ከጻፍሽ በኋላ ላኪልኝ፤ ማየት እፈልጋለሁ።